መጋረጃዬና የሀዋ ጉልበት

ትናንት አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ጎረቤቴ ሀዋ «አካም ጅርታ!» እያለች በሩን ከፍታ ገባች... በሁለት እግሯ። ያለ ክራንች። በእጇ ከመቂ የመጣላትን ፓፓያ ይዛለች።

እኔ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሬ ላይ እግሬን እንደ ጣውላ ዘርግቼ ፈገግ አልኩላት። ፈገግታው ከከንፈሬ አላለፈም።

ነገሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኔና ሀዋ የወደቅነው አብረን ነው። ከገበያ ስንመለስ የተሳፈርንባት ባጃጅ ጉድጓድ እሸሻለሁ ስትል ተገለበጠችና የሷ የግራ፣ የኔ የቀኝ ጉልበት ሎሚ ተሰነጠቀ። በአንድ ቀን ጄሶ ገባን፣ በአንድ ቀን ጄሶው ተፈታልን፣ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ተላክን። ልጁ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጠን። በጀርባ ተኝቶ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ተረከዝን ወደ መቀመጫ መሳብ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት ላይ አንድ ኪሎ ጨው አስሮ እንደገና ማንሳት። ቤት ውስጥ፣ በቀን ሦስት ጊዜ።

ሀዋ ወረቀቱን ሠራችበት። እኔ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት።

ምን ላድርግ... ያማል እኮ! በዚያ ላይ ሙቀቱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እልና «ቀሪውን ሲቀዘቅዝ» ብዬ እተወዋለሁ። ናዝሬት ደግሞ መቼ ቀዝቅዛ ታውቃለች? ጨዉንም ቀስ በቀስ ለወጥ ጨረስኩት።

ሀዋ ግን በረንዳዋ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ጠዋት፣ ቀትር፣ አመሻሽ ላይ እግሯን ታነሳለች። በረንዳዋ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው። መጀመሪያ ሳላስበው ነው ያየኋት። ከዚያ... እውነቱን ልናገር፣ ሥራዬ ሆነ። ወንበሬን መስኮቱ ሥር አስጠጋሁ። ሻዬን ይዤ መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ እያደረግኩ እቆጥራለሁ። ሃያ ስትደርስ «አሁን ይደክማታል» እላለሁ። አይደክማትም።

ቀጠሮ ስንሄድ ደግሞ ይብሳል። ፊዚዮቴራፒስቱ ጉልበቷን ለክቶ «ጎበዝ እህቴ!» ይላታል። ወደኔ ዞሮ «እናቴ፣ አልሠሩም አይደል?» ይለኛል። እናቴ! ሀዋ እኮ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች!

ባለፈው ሰኞማ ቁርጡን ነገረኝ። «እናቴ፣ የዛሬ ሳምንት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን መሬት ካላሳረፉ፣ ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝቶ በግድ ያጥፈዋል።»

እያነከስኩ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ያጽናናኛል ብዬ ስጠብቅ «ሀዋን ደረጃ ስትወጣ አየኋት፣ ማሻ አላህ ነው» አይለኝም! ማሻ አላህ የት እንደተማረ እንጃለት።

አብረን ወድቀን እሷ ለብቻዋ ተነሳች። ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

እና ትናንት ፓፓያውን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ጉልበቷን አጥፋ።

«ስሚ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ሱጁድ ወረድኩ። ከወደቅን ጀምሮ ወንበር ላይ ነበር የምሰግደው... ዛሬ ግንባሬ ምንጣፉን ነካ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ግማሹ ከልቤ ነበር።

«ያንቺ ሥራ ነው።»

«የኔ?»

«ያንቺ ነዋ! አንቺ ሴትዮ፣ ትንሽ አታርፊም እንዴ? ጠዋት ስወጣ መጋረጃሽ ይወዛወዛል። ቀትር ላይ ይወዛወዛል። አመሻሽ ላይ ይወዛወዛል! አልጋዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ ነው፣ እግሯን ባነሳች ቁጥር መጋረጃውን እየነካችው ነው አልኩ በልቤ። አሥር ሠርቼ ላቆም ስል ቀና ብዬ አያለሁ... መጋረጃሽ ውዝውዝ! ወላሂ በቅናት ነው ሌላ ሃያ የምጨምረው።»

ከመኝታ ቤት ባለቤቴ ሲያስል ተሰማ። ሳል እንዳይመስላችሁ፣ ሳቁን ሲያፍን ነው።

«በይ እስቲ አጥፊው፣ የት ደረስሽ?» አለችኝ።

«ዛሬ እንኳ... ትንሽ አብጦብኛል።»

ሀዋ ዙሪያውን ቃኘች። አልጋ የለም። ያለው ወንበር ነው፣ ጀርባዬን የምደገፍበት ትራስ ነው፣ የሻይ ብርጭቆ ነው። ተነስታ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አደረገች። ከወዲያ በኩል የራሷ በረንዳ፣ የራሷ ምንጣፍ፣ የራሷ ጨው ቁጭ ብለዋል።

ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝና...

«ትናንት ጠዋት ስንት ሠራሁ?»

«ሃምሳ ሁለት» አልኳት። አፌ ቀደመኝ።

ሆዷን ይዛ ሳቀች። ባለቤቴም «ማሳሉን» ትቶ በግልጽ ሳቀ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት። ሳቋ ሲበርድላት ሌላ ወንበር ሳበች፣ ዘላ ወጣችበት፣ መጋረጃውን ከነቀለበቱ አወረደችና አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከተተችው።

«ሰኞ ከሐኪም ስንመለስ እሰጥሻለሁ። እስከዚያ ቆጣሪዋ እኔ ነኝ» ብላኝ ወጣች።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ አልጋውን መስኮቱ ሥር ጎትቶልኝ፣ አዲስ ኪሎ ጨው አስሬ፣ ላቤ እየተንቆረቆረ ሠላሳ ሠራሁ። «ሠላሳ!» ብዬ ጮህኩ። ከበረንዳው «ሃያ ስምንት ነው፣ አታጭበርብሪ!» የሚል መልስ መጣ። ሁለት ጨመርኩ። ተናድጄ ደግሞ አምስት።

ሰኞ ጉልበቴ ይታጠፍ እንደሆነ እንጃ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን... ያ ወንበር ላይ ዘላ አወጣጧ ነው!