ፎቶዬን አይቶ ድምፄን ያልሰማው ፈታኝ

ነገሩ የሆነው አምና ሰኔ ላይ ነው። ዓመት አልፎት እንኳ ያን ቀን ሳስታውስ ፊቴ በንዴት ይግላል።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ቤተሰቦቼ ቤት ሆኜ ሥራ እፈልግ ነበር። አንድ የቴአትር ቡድን አዳዲስ ተዋንያን እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ምቹ ጫማና በቃል የተጠና የሁለት ደቂቃ ቃለ ተውኔት ይዛችሁ ቅረቡ ይላል።

ዓይን አፋር ነኝ። ድምፄም ትንሽ ነው። ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ክበብ አባል ሳለሁ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ አትሰሚም እየተባልኩ፣ መድረክ ሳልረግጥ ተመረቅሁ። አንድ ጊዜ እንኳ እስከ መጨረሻው ረድፍ መሰማት እፈልግ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጓሮ ቆሜ፣ ታናሽ እህቴን አጥሩ ጋ አስቁሜ አጠናሁ። ካልሰማችኝ እጇን ታነሳለች።

በፈተናው ቀን ወንዶቹ ቀድመው አንድ በአንድ ተጠሩ። የሚፈተኑበት አዳራሽ በር ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማናቸው። አንዱ ቃሉ ጠፍቶበት ሲቆም፣ ፈታኙ የቡድኑ አዘጋጅ ውሃ ጠጥቶ እንዲደግመው አደፋፈረው። ደስ አለኝ፤ እኔም ብደናገጥ እንዲሁ ይሉኛል ብዬ።

አጠገቤ ሰሚራ የምትባል ልጅ ነበረች። በጠዋት ሚኒባስ ከጅማ ውጭ፣ ከደዶ መምጣቷ ነው። ጭቃ እንዳይነካው ንጹሑን ጫማ በፌስታል ይዛ መጥታ በር ላይ ቀየረች። ቃሏን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አጥንታለች።

"የቱን እንደሚፈልጉ አላወቅኩማ። ወላሂ፣ ሁለቱንም ይዤላቸዋለሁ" አለችኝ።

የሴቶች ተራ ሲደርስ ሁላችንንም በአንዴ አስገቡን። አዘጋጁ ፎቶዎቻችንን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እየተንሾካሾከ፣ ጀርባቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ እየጻፈ ለሁለት ለያቸው። ከዚያ መጨረሱንና ለተመረጡት እንደሚደውል ነገረን።

"ጋሼ፣ ታዲያ መቼ ነው የምንጫወተው?" አለች ሰሚራ።

"የእናንተ ክፍል ብዙ ቃል የለውም፣ እህቴ። ፎቶው ይበቃናል።"

ተፈትነው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ወንዶች ሳቁ። አንዱማ "እሺ፣ ጫማሽን እንኳ አሳዪያቸው" አላት።

ሰሚራ ጎንበስ ብላ ንጹሑን ጫማ አወለቀችና ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። እሱን ሳይ አላስቻለኝም።

"ፎቶዬን ይመልሱልኝ" አልኩ።

"ምን?" አለ አዘጋጁ ቀና ሳይል።

እህቴ አጥሩ ጋ እጇን ስታነሳ ታየችኝ።

"ፎቶዬን ይመልሱልኝ። የሰሚራንም።"

ድምፄ አዳራሹን አልፎ ወጣ፤ ውጭ ቆመው የነበሩት ሁሉ ዞሩ። አዘጋጁ የሁለታችንን ፎቶዎች ለይቶ ወደ እኔ ገፋቸው። የእኔ ፎቶ ጀርባ ላይ "አጭር" ይላል። ስለ እኔ የጻፈው ይህን ብቻ ነው።

ዛሬ መምህርት ነኝ። የትምህርት ቤታችን ቴአትር ክበብ ልጆች ለፈተና ሲሄዱ ምን እንያዝ ይሉኛል። ፎቶ፣ ኮፒ፣ ውሃ፣ በደንብ የተጠና ቃል እላቸዋለሁ። ሴቶቹን ደግሞ ለብቻ ጠርቼ፣ ፎቷችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ይሰሟችሁ እንደሆነ ጠይቁ እላቸዋለሁ።

ንዴቴ አልበረደም። ያን የሁለት ደቂቃ ቃሌን ከእህቴ በቀር እስካሁን የሰማው የለም። አንዲት ቃል ግን አልጠፋችብኝም።