የውዱእ ውሃ

ታስሬ ከሚሴ ዳር ወዳለ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ዓይኔ የፈለገው ሽንት ቤት ነበር። የለም። ከትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ አንስተው ስላመጡኝ ከረፋድ ጀምሮ ይዤዋለሁ። ጠባቂው «ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ትወጣላችሁ» ብሎ በሩን ዘጋው።

እኔም ብልህ ነኝና ዘዴ ፈጠርኩ፤ ውሃ መጠጣት ተውኩ። በዚያ የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት! ካልጠጣሁ አልሸናም፣ ሰው ፊት አልዋረድም ብዬ ነው። በአራተኛው ቀን ሽንቴ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለኝ ጀመር። በየደቂቃው ይመጣል፤ ጠብ ጠብ ብሎ ያቆምና መልሶ ያስጨንቀኛል። በስድስተኛው ቀን ደም ቀላቀለ፣ ትኩሳትም ያዘኝ።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ የጨፋ ገበሬ ናቸው። ፎጣቸውን ዘርግተው ጋረዱልኝና በፕላስቲክ ጠርሙስ ሸናሁ። ጠርሙሱን አይተው ደነገጡ።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ፊኛህ ቆስሏል። እኔንም ይዞኝ ሐኪሙ ውሃ ጠጣ፣ ሽንትህን አትያዝ ብሎኛል። ዝም ካልከው ኩላሊትህ ውስጥ ይገባል።»

የሚሰጠን በቀን ለሰው አንድ ጆግ ውሃ ነበር። እሳቸው ጥቂት ይጠጡና የቀረውን ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ ያስቀምጡታል። ያንን ወደ እኔ ገፉት።

«አባቴ፣ ይሄማ የሶላትዎ ነው፤ አልጠጣም።»

«በሽተኛ አጠገቤ ተኝቶ እኔ እግሬን ልታጠብበት? ወላሂ አላደርገውም! ውሃ ላጣ ሰው አላህ አፈሩን ፈቅዷል። ጠጣ፣ አብሽር!»

መዳፋቸውን ንጹሕ አፈር ላይ መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ፤ ከዚያ ቆመው ሰገዱ። እኔም እያፈርኩ ጠጣሁ። ጠባቂውን የለመኑልኝም እሳቸው ናቸው። በማግስቱ መድኃኒት መጣ፤ ከብዙ ውሃ ጋር ውሰድ የሚል ትእዛዝ ነበረው። ስለዚህ ስምንት ቀን ሙሉ የእሳቸውን ውሃ እኔ ጠጣሁ፣ እሳቸው በአፈር አበሱ።

በስምንቱ ቀን ማግስት እኩለ ቀን ላይ ጠባቂው ስሜን ጠራ። «ዕቃህን ያዝ፣ ተፈትተሃል።»

የተፈታ ሰው ሮጦ ነው የሚወጣው። እኔ የዕለቱን ውሃዬን አንስቼ ሽማግሌው ፊት ቁጢጥ አልኩ።

«እጅዎን ይዘርጉ።»

«አብደሃል? ሂድ፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ!»

ጠባቂው «ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ጮኸ።

«አባቴ ታጥበው እስኪጨርሱ» አልኩት።

ክርስቲያን ስለሆንኩ ቅደም ተከተሉን አላውቀውም፤ እየሳቁ አሳዩኝ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው። ራሳቸውን በእርጥብ እጃቸው አበሱ። በመጨረሻ እግራቸው ላይ አፈሰስኩ። ጠባቂው ሰዓቱን እያየ ቆሞ ጠበቀ።

ዛሬ ፊኛዬም ኩላሊቴም ደህና ናቸው። እሳቸውም ተፈትተው ማሽላቸውን ያርሳሉ። ሰው ቢስቅብኝም ልናገረው፤ በደህና በሸናሁ ቁጥር እኚያን ሰው እመርቃለሁ።