የሰባት ከተማ ትውስት

ይህ የሆነው በ1961 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ዓመቴን አሰበ ተፈሪ እያስተማርኩ በማሳልፍበት ጊዜ ነው። ሰዎች «ጽሑፍሽ ንጹሕ ነው፣ ጠንቃቃ ነሽ» ሲሉኝ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን እንዲህ ባሉኝ ቁጥር ጋሽ ኢብራሂም ትዝ ይሉኛል።

ጋሽ ኢብራሂምን የማውቃቸው በሩቅ ነበር። ወደ አርባ የሚጠጉ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤታችን ሜዳ ጥግ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው ተማሪዎቹ ሲጫወቱ ያያሉ። በጊዜያቸው የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበሩ። ለትልልቆቹ ክለቦች አልተጫወቱም። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጫወቱት ለአዋሽ፣ ለሚኤሶ፣ ለሂርና፣ ለበደሳ፣ ለገለምሶ፣ ለቦኬና ለአሰበ ተፈሪ ነው። የተወለዱት ቡድን በሌላት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ነውና ሁሉም ይዋሳቸው ነበር።

በዚያ አካባቢ ከተማ ከከተማ ሲጋጠም ነዋሪ ያልሆነ ሰው አይሰለፍም። ደንቡ ይህ ነው። ልማዱ ግን ሌላ ነው። ትውስቱ ተጫዋች የአንድ ነዋሪ ስም ይዞ ይገባል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ስሙን ለባለቤቱ መልሶ ይሄዳል።

አንድ ቀን ፈተና ሳርም ጋሽ ኢብራሂም የመምህራን ክፍሉ በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሪት፣ ማመልከቻ ትጽፊልኛለሽ?»

ትምህርት ቤቱ የስፖርት ረዳት ሊቀጥር ነበር። «ጉልበቴ አልቋል፤ ከእንግዲህ የሚዋሰኝ ከተማ የለም» አሉኝ። «ይቺ ሥራ ካመለጠችኝ የሚቀረኝ ገለምሶ ወርዶ ጫት መጫን ነው። እሱን ደግሞ ይህ ጉልበት አይችለውም።»

በሽርጥ ቁራጭ የተጠቀለሉ ሰባት የምስጋና ወረቀቶች አወጡ። ሁሉም ማኅተም አላቸው። አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ወረቀቱ ከተሰላፊዎቹ ዝርዝር ጋር እንዲስማማ ሲባል፣ ሰባቱም የተጻፉት በሰባት ሌሎች ሰዎች ስም ነበር።

«ጋሽ ኢብራሂም፣ የእርስዎ ስም እኮ የትም የለም።»

«ስሙ የነሱ ነው፤ እግሩ የኔ ነው» አሉ።

ከመምህራኑ አንዱ ሰምቶ ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ በስንተኛው ስም እንጥራዎት?» ብሎ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ያለ ምስክር እንደማልጽፍ ነገርኳቸው።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ቡድን ለጨዋታ ወደ ገለምሶ ሲሄድ እኔም ከመምህራኑ ጋር ጭነት መኪናው ላይ ወጣሁ። ጋሽ ኢብራሂምም ምስክር ፍለጋ አብረውን መጡ። መንገዱ አጥንት ያላቅቃል። ስንደርስ አቧራ ከአፋችን አልወጣ ብሎ ነበር።

ገለምሶ ግን በደስታ ተቀበለቻቸው። የድሮው የቡድን መሪ ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ ሻይ አስቀዳልን። «ወላሂ፣ እንደዚህ ሰውዬ የሚሮጥ እስከ ዛሬ አላየሁም! በክንፍ ሲሄድ ቲፎዞው ሁሉ መስመር ለመስመር አብሮት ይሮጥ ነበር» አለኝ። እኔም ወረቀትና ብዕር አውጥቼ በዚያው እንዲፈርምልኝ ጠየቅሁት።

ወረቀቱን ወደ እኔ መለሰው። ከዚያ በአገጩ ከስኳሩ በላይ ያለውን መደርደሪያ አመለከተኝ። አንድ የደበዘዘ ዋንጫ ቆሟል።

«በአፍ ከሆነ አቦ፣ እስከ ነገ እናውራ። ብፈርም ግን በደሳዎች ነገ መጥተው በትውስት ተጫዋች የወሰዳችሁትን ዋንጫ መልሱ ይሉናል።»

ጋሽ ኢብራሂም ሻዩን ጨርሰው፣ «እውነቱን ነው፣ አታስቸግሪው» አሉ።

ስንመለስ እኔና ጋሽ ኢብራሂም ከሾፌሩ ጋር ሦስት ሆነን ፊት ተቀመጥን። የሆነውን ሁሉ ሰምቶ ሾፌሩ መሪውን በመዳፉ መታ። ለካስ እሱ ዱሮ የበደሳ ተከላካይ ነበር።

«ስጪኝ፣ እኔ እፈርማለሁ! ይሄ ሌባ በስንት ስም መጣብኝ! ስም ይቀይራል፣ ማልያ ይቀይራል፤ ጀርባው ግን ያው ነው። እኔ ደግሞ ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነው።»

«አንድ ዓመት ለናንተም ተጫውቻለሁ እኮ፣ አንተ» አሉት ጋሽ ኢብራሂም።

«በደንብ የተኛሁት ያን ዓመት ብቻ ነው!»

ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔም ሳቅሁ። ከመውረዳችን በፊት ሾፌሩ፣ «ስሞቹን ተያቸው፤ ተጫዋች መሆኑን ብቻ ጻፊ» አለኝ። ምክሩን አልሰማሁም። እውነት ከሆነ ሙሉ እውነት ይሁን ብዬ አሰብኩ።

እሑድ ቀን ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ ገልብጬ ጻፍኩት። ከእያንዳንዱ ከተማ አጠገብ የተጫወቱበትን ስም አሰፈርኩ። ሾፌሩም ቃሉን አላጠፈም፤ ስሞቹን ሲሰማ ግን ቅር ብሎት ራሱን ነቅንቆ ፈረመ።

ዳይሬክተሩ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይዘሪት፣ ይህን የጻፍሽው ሰውየውን ልታስቀጥሪው ነው ወይስ ልታስከስሺው? በሰባት ስም ሜዳ የገባን ሰው ልጆች ፊት አላቆምም።»

ለማስረዳት አልደፈርኩም፤ ማመልከቻውን ተቀብዬ ወጣሁ። ዓይነ አፋርነቴን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።

ጋሽ ኢብራሂምን ድንጋያቸው ላይ አገኘኋቸው። ገና ሳልናገር ከፊቴ አነበቡት።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ከዚያ፣ «ወረቀቷን መለሱልሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሰጠኋቸው። ማንበብ ስለማይችሉ እንዳነብላቸው ፈለጉ። «አመልካች ኢብራሂም» ብዬ ጀመርኩ። አዋሽ ስል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሚኤሶ ስል ነቀነቁ፤ እስከ አሰበ ተፈሪ እንዲሁ አደረጉ። ስጨርስ፣ «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው።

ከዚያ የሽርጡን ቁራጭ ፈትተው ከሰባቱ ወረቀቶች በላይ አስቀመጧት።

«የኔ ስም ያለባት ይቺ ብቻ ናት» አሉ። እያነከሱ ሄዱ።

ከወር በኋላ ሾፌሩ ገለምሶ ጫት ሲጭኑ እንዳያቸው ነገረኝ። የትኛው እግራቸው ላይ እንደሚደገፉ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

በደብዳቤው ውስጥ አንድም ቃል አልዋሸሁም። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አያሳርፈኝም። ሦስት ጊዜ ስገለብጠው ያሰብኩት ስለ እጅ ጽሑፌ ነበር። ሰውየው ጉልበታቸውን ይዘው ውጤቱን እየጠበቁ እንደሆነ አንዴም ብዕሬን አቁሜ አላሰብኩም። አሁንም ሳስበው የሚደክመኝ እሱ ነው።