የጋሽ እንድሪስ ግራ ዓይን

ልጅ እያለሁ የሰው ዓይን ፍለጋ ሳልታመም መድኃኒት ቅሜያለሁ። ዛሬ ታምሜም መድኃኒቴን የምረሳ ሰው ይህን ሳወራ ልጄ አታምነኝም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ እዚህ አሜሪካ፣ ክላርክስተን ያለው ፋርማሲስታችን ቱንዴ ነው። ናይጄሪያዊ ነው። ባለፈው ምርጫ አገሩ ገብቶ ለምክር ቤት ተወዳደረና ተሸንፎ ተመለሰ። በቀደም የደም ግፊት መድኃኒቴን ፒክ አፕ ላደርግ ስሄድ፣ እንደገና ልወዳደር ወይስ ይቅርብኝ እያለ ሲብሰለሰል ደረስኩ። ወረፋ የያዘው ሁሉ «ተው፣ አርፈህ ኪኒንህን ቁጠር» ይለዋል። እኔ ደግሞ በማይመለከተኝ ጉዳይ ቀድሞኝ የሚደርስ ስለሌለ፣ ወንበር ስቤ የጋሽ እንድሪስን ታሪክ ጀመርኩለት።

ጋሽ እንድሪስ ኮምቦልቻ ላይ መድኃኒት ቤት ነበራቸው። በሩ ሲከፈት የካምፎርና የአልኮሉ ሽታ መንገድ ተሻግሮ ይቀበለን ነበር። መድኃኒቱን በነጭ ሙቀጫ ወቅጠው፣ መዝነው፣ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጣሉ። በጃንሆይ ጊዜ አንድ ዓመት ለፓርላማ ሲወዳደሩ የምርጫ ምልክታቸውም ያው ሙቀጫቸው ሆነ። ተፎካካሪያቸው የከተማውን ግማሽ መሬት የያዙት ፊታውራሪ ነበሩ። የጋሽ እንድሪስ ፎቶ ያለበት ወረቀት ጠዋት ቢለጠፍ እስከ ዙሁር ሶላት አይቆይም፤ የፊታውራሪ ዘበኞች ቀደው ይጥሉታል።

ሰውየው አልጮኹም፣ አልከሰሱም። የተረፈውን ወረቀት በመቀስ ከትፈው የመድኃኒት መጠቅለያ አደረጉት። አንዱ ዘበኛ መጥቶ «ይህማ ቅስቀሳ ነው!» ቢላቸው፣ መውቀጣቸውን ሳያቆሙ «አይ፣ የራስ ምታት ነው። ካመመህ አንተም ጎራ በል» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ፊታቸውን በቁራጭ በቁራጭ ወደየቤቱ ወሰደ። እኛ ልጆች ቁራጮቹን ካርቶን ላይ በሊጥ እየለጠፍን፣ ፊቱን ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል ተባባልን። ለእኔ አፍንጫ ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። ጆሮም ጢምም ነበረኝ፤ የጎደለኝ ግራ ዓይን ብቻ ነው። ራሴን ይዤ ሄድኩ፣ ሆዴን ይዤ ሄድኩ፤ አንዴማ ራሴን ይዤ ገብቼ «ሆዴን!» አልኩ። ጋሽ እንድሪስ መራራ ዱቄት እዚያው ፊታቸው አስቅመው ወረቀቱን ይሰጡኛል። ኋላ እንደሰማሁት እሬት ነበር፤ ከውሸት በቀር የሚያድነው በሽታ የለም። እኔን ግን አላዳነኝም።

ግራ ዓይኑን ያገኘሁት ከማን መሰላችሁ? አብሮኝ ከሚማረው ከፊታውራሪ ልጅ! «የአባባ የጨጓራ መድኃኒት የመጣበት ነው፤ ብትናገር ወየውልህ» ብሎ በሁለት ብይ ለወጠኝ። ለካ ፊታውራሪም ቀን ያስቀደዱትን ሰውዬ በጓሮ በር ቤታቸው ያስገቡት ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ተሸነፉ። በማግስቱ ግን መድኃኒት ቤታቸውን ከፍተው በዚያው ወረቀት መጠቅለላቸውን ቀጠሉ። አባቴ «ኧረ ጋሽ እንድሪስ፣ ምርጫው እኮ አልቋል» ቢላቸው፣ «በሽታው መች አለቀ?» አሉት። በሚቀጥለው ምርጫ ፓርላማ ገቡ። እዚያም አፋቸው እንደ ዱቄታቸው መራራ ነበር አሉ።

ቱንዴ ይህን ሰምቶ ከልቡ ሳቀ። «እዚህ አገር ፊቴን መድኃኒት ላይ ብለጥፍ ላይሰንሴን ይነጥቁኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ያኔ መድኃኒት የሰው ፊት ነበረው፤ ዛሬ ብልቃጡ ላይ ያለው የራሴ ስም ነው፣ እሱን ደግሞ ድሮም አውቀዋለሁ። ያኔ ጤነኛው ልጅ ለሰው ዓይን ብዬ እሬት እቅም ነበር፤ ዛሬ በቀን ስድስት ኪኒን እየዋጥኩ የገዛ ዓይኔ እንኳ በቅጡ አያይልኝም።

ትናንት ቱንዴ ደውሎ ጠራኝ። አዲስ የታተመ የምርጫ ወረቀት ዘረጋልኝ፤ ሙሉ ፊት፣ ሁለቱም ዓይኖች በየቦታቸው። ሊወዳደር ነው! ወስጄ መኪናዬ የኋላ መስታወት ላይ ለጠፍኩት። የልጅ ልጄ እንደ ልማዷ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች «አባባ፣ ላይክ፣ ክላርክስተን ውስጥ ማን ሊመርጠው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። የለጠፍኩት ከውስጥ በኩል ነው፤ ልቅደድ የሚል ዘበኛ ካለ መጀመሪያ ቁልፉን ከእኔ ይጠይቅ።