አመዱ ውስጥ የነበረው

ዛሬ ጠዋት ልጄ ከሐዋሳ ደውላ፣ "እማዬ፣ ለያሆዴ አልመጣም፤ ሥራ በዝቶብኛል" አለችኝ። ያሆዴ የእኛ የሀዲያዎች የዘመን መለወጫ ነው። "ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ለአንድ ሰው ያነጠርኩትን ያን ሁሉ ቅቤ ሳየው በራሴ ሳቅኩ። ንግግሩ የእናቴ ነበር።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ ሆሳዕና ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። የእንሰት አመድ ከኖራ ጋር በእሳት አግዬ፣ የጉሎ ዘይትን ቶሎ ወደ ነዳጅ የሚለውጥ ዱቄት፣ ማለትም ካታሊስት ሠራሁና የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማለትም ፓተንት ጠየቅኩ። ያኔ የኔ የምለው ሌላ ነገር አልነበረኝም፤ እንደ ልጅ ነበር የምሳሳለት። አዲስ አበባ ያለው መርማሪ ግን ሁለት የቆዩ የውጭ ፓተንቶች አወጣብኝ። እነሱም እንደ እንሰት ያሉ የሙዝ ዘመድ ተክሎችን አመድ ከኖራ ጋር ያግላሉ፤ ለሸክላ መቀቢያ።

"ስለ ካታሊስት አንድ ቃል አልጻፉም እኮ!" አልኩት።

"ባይጽፉም እህቴ፣ እነሱ ባሉት መንገድ ሲሠራ ሁልጊዜ ያንቺው ዱቄት የሚወጣ ከሆነ፣ ድሮውንም በውስጡ ነበር፣ አዲስ ግኝት አይደለም ማለት ነው። እስቲ ሠርተሽ እዪው።"

የትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ምድጃ የሚለቀቅልኝ ለበዓል ሲዘጋ ስለነበር፣ ያሆዴን እዚሁ ከተማ ቀረሁ። ገጠር፣ ጃጁራ ወዳለችው እናቴ እንደማልመጣ መልእክት ላክሁ። የእናቴ ጎረቤት መልሱን ይዛልኝ መጣች፤ "ደህና ነኝ፣ ሥራዋን ትሥራ ብላለች።" እውነቴን ነው፣ ቀለል አለኝ። መንገዱ ጭር ብሎ፣ ከየሰው ቤት የቅቤ ሽታ እየመጣ፣ እኔ ዳቦ በሻይ እበላ ነበር።

በመጀመሪያው ፓተንት መንገድ የሠራሁትን ዱቄት የጉሎ ዘይቱ ውስጥ ጨመርኩ። ነዳጁ ከላይ፣ ዝቃጩ ከታች ሆኖ ተለየ፤ ልክ እንደኔው። ሁለተኛውም ያው። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። አለቀስኩ፤ አይዞሽ የሚል ሰው እንኳ በአካባቢው አልነበረም።

በማግስቱ ጃጁራ ገባሁ። እናቴ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አታካና በእንሰት ቅጠል ሸፍና አስቀምጣለች። ቀዝቅዟል፣ አልተነካም።

"ለምን አልበላሽም?"

"ብቻዬን ይወርድልኛል?"

"ደህና ነኝ ብለሽ ልከሽልኝ የለ?"

"ታዲያ ምን ልበል፣ ልጄ?"

ፓተንቱ ቀረ፤ መርማሪው ትክክል ነበር። እናቴም ካለፈች ብዙ ጊዜ ሆነ። እኔ ግን ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ የሷኑ ቃል ስደግም ራሴን ሰማሁትና ደንግጬ ልጄ ጋ መልሼ ደወልኩ።

"ውሸቴን ነው፣ ደህና አይደለሁም። ናፍቀሽኛል።"



"አውቃለሁ እኮ፣ እማዬ" አለችኝ። "ሁልጊዜም አውቃለሁ።"

እመጣለሁ ግን አላለችም።