ፊቷን ወደ ግድግዳ

ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከቤቴ ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ሕፃናት ፊደል ባንድ ላይ ሲጮኹ በሰማሁ ቁጥር ታናሽ እህቴ የሺ ትታወሰኛለች። የሺ ጆሮዋ አይሰማም ነበር። አባታችን እኔን አዘግይቶ ከእሷ ጋር አንደኛ ክፍል አስገባን። አጠገቤ ተቀምጣ አፌን እያየች ከክፍሉ ጋር ትጮህ ነበር፤ ድምጿ ግን እንደ ጥጃ ይወፍርና ከሁላችን ዘግይቶ ያበቃል።

አንድ ጠዋት መምህሩ በአለንጋው ጠረጴዛውን መታ።

«ይቺ ናት የምታበላሽብኝ?»

«አትሰማም፣ መምህር። አፌን እያየች ነው የምትለው» አልኩ።

«እንግዲያውስ አታይም!»

ትከሻዋን ይዞ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረው። አፍንጫዋ ገለባ የበዛበትን ጭቃ ሊነካ ደረሰ። እኛ ቀጠልን፤ የሺ ጸጥ አለች። ከኋላ አንዱ «ግድግዳው ያስተምራት!» ሲል ክፍሉ ሳቀ።

በማግስቱ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች። «መምህር፣ ፊቷን ብቻ ወደ እህቷ ይመልሱልኝ» አለችው።

«ቤተ ልሔም ደብር ወስደው ጠበል ያስጠምቋት። ጆሮዋ ሲከፈት ይምጡ» ብሎ በሩን ዘጋ።

እናቴ የየሺን እጅ ይዛ ስትወጣ «እግዜር ፊቱን ያዙርበት» አለች። እግዜር ወዴት እንደሚዞር ያኔ አልገባኝም። የሺ ግን ከዚያ ወዲያ ክፍል አልገባችም፤ በገብስ ማሳ ላይ አረም ስትነቅል ኖረች።

መምህሩ ዛሬም አለ። ከዘራውን ተደግፎ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ «እንደምን አደርሽ?» ይለኛል። ስለማልመልስለት «ምስኪን፣ ጆሮዋ ከብዷል» እያለ ለሰው ያወራል። ያውራ። ጆሮዬስ ደህና ነው።