እህቴ የጣለችው ወይን ጠጅ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። እናንተ ግን ስሙኝ፤ ሰምታችሁም ፍረዱ።

አባታችን ከምድር ባቡር ጡረታ ወጥቶ ከድሬዳዋ ዳር ወይን ተከለ። ሲሞት እርሻው ለእኔና ለታላቅ እህቴ ለጽጌ ቀረ። ደርግ መሬቱን ቢወርስም፣ ውሳኔ እስኪመጣ እዚያው እንድንሠራ ተፈቀደልን።

የድሬ ሙቀት ወይን ጠጅ አያስቀምጥም፤ ወዲያው ኮምጣጤ ያደርገዋል። አባባ ስኳር እየጨመረ ሲታገል ኖረ። ጽጌ ግን ስኳሩን ተወችው። ፍሬውን ፀሐይ ሳትወጣ ለቀመች፣ በእግሯ ረግጣ ጨመቀች፣ ጋኖቹን እስከ አንገታቸው አሸዋ ውስጥ ቀብራ ጠዋት ማታ አሸዋውን ውኃ አጠጣች። እኔ ምን ሠራሁ? ሳቅሁባት። «ሬሳ ነው እንዴ የምትቀብሪው?» አልኳት።

ጋኑ የተከፈተ ቀን ግን!

«ዋሪያ! ና ቅመስ!» ብላ እንደ ድሬ ልጅ ጠራችኝ፣ «አንተ!» ማለቷ ነው። ሮጥኩ። ቀመስኩ። እግዚኦ! ምን ብዬ ልንገራችሁ? ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ ምላስ ላይ የሚፈነዳ! ተቃቅፈን ዘለልን፣ እንደ እብድ በወይኑ መሀል ተሯሯጥን። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ልቤ ይዘላል።

በዚያው ሰሞን ሁለት የመንግሥት ሰዎች መጡ። ቀመሱ። ተያዩ። ደግመው ቀመሱ። ትልቁ ብድግ ብሎ፣ «የማን እጅ ነው ይሄ?» አለ።

ጽጌ ሌላ ማሰሮ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ወይን ጠጁ አሰከረኝ እንዳልል አንድ ብርጭቆ እንኳ አልጨረስኩም።

«የእኔ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ጽጌ ማሰሮውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች።

«እህትህስ ታግዝሃለች?» አለ ትልቁ።

«ጋን ታጥባለች» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም! ሰውየው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ጓድ፣ አንተን የመሰለ ሰው ነው የምንፈልገው» ሲለኝ መሬት አልበቃችኝም።

ወር ሳይሞላ ለትልቅ የመንግሥት ወይን ጠጅ ፋብሪካ ተመደብኩ። እርሻችን ላይ ባለሙያ የለም ተብሎ ወይኑ ተነቀለ፣ ሽንኩርት ተተከለበት። ጽጌ በገዛ አባቷ መሬት ሽንኩርት ነቃይ ሆነች። ስሄድ ሻንጣዬን የሸከፈችልኝ እሷ ናት።

«ለምን?» አለችኝ፣ ያችን አንዲት ቃል ብቻ።

«ያው እኔም አንቺም አንድ አይደለን?» ብዬ ሳቅሁ።

ጸጸት አላስተኛኝም ብዬ አልዋሻችሁም። ደህና አድርጌ ተኛሁ። ፋብሪካው ውስጥ አጨበጨቡልኝ፤ ደስ አለኝ። ከሁሉ የሚከፋው ይኸው አይደለም?

ባለፈው ዓመት እዚያው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤቷ ሄድኩ፣ ልናዘዝ። ልጇ ለእንግዳ ስታስተዋውቀኝ፣ «አጎቴ ነው፤ ድሬ ላይ ወይን ጠጅ ያወጣ የመጀመሪያው ሰው!» አለች፣ ዓይኗ በኩራት እያበራ። ጽጌ አቀረቀረች። እኔስ? እጄን ዘርግቼ እንግዳውን ጨበጥኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ሰረቅኋት፤ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ልጇ ፊት።

ይህን ወረቀት መጀመሪያ የማነበው ለዚያችው ልጅ ነው፤ እሑድ፣ እናቷ ባለችበት። ብታባርረኝ እወጣለሁ። ይቅርታ ለመለመን አልቸኩልም፤ መጀመሪያ ትስማ።

ልጄ፣ የሠራችው እናትሽ ናት።